የግራዋ ማር

ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ወንድሜ ኃይለመስቀል፣

ስልካችሁ ለምን አይጠራም ብለህ በሾፌሩ በሚሊዮን የላክህብኝ ጥያቄ ደርሶኛል። ቴሌን አትስደብ። ገመዱን የቆረጠው ሰብሃት ነው። በሥጋ ቢላ ቆርጦ፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠልኝ። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ማንም አይሰማንም» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር እኮ! እኔም አመሰገንኩት። ምን ላድርግ?

እንግዲህ በደብዳቤ ነው የምንገናኘው። ይህን የምጽፈው በወዳጄ በበዛወርቅ ሱቅ ውስጥ፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ቤት ውስጥ የተገኘ ወረቀት ሁሉ ይነበባል፣ ይመረመራል፣ ከዚያ ይቃጠላል። የአባባን የቤት ካርታ ያተረፍኩት ጉያዬ ውስጥ ሸሽጌ ነው። አንተም ስትጽፍ በበዛወርቅ ስም አድርገው። ቤት እንዳትልክ። እደግመዋለሁ፣ ቤት እንዳትልክ።

ክኒኑን ይወስዳል ወይ ላልከው፣ አይወስድም። ከጅማ ሐኪም ቤት እንደተመለስን ሦስት ቀን ዋጠልኝ። በአራተኛው ቀን ምላሱ ሥር ደብቆ ቆየና ጽጌረዳዬ ሥር ተፋው። ምግቤን ጨርሶ መብላት ካቆመም ሁለት ሳምንት ሆነው። እንጀራውንም፣ ቆጮውንም፣ ውኃውን ሳይቀር «ምን ጨምረሽበታል?» ይለኛል። ያ ቢታ ገነት ትምህርት ቤት ሲያስተምር ተማሪ ከኋላው የማይጠፋው ልጅ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው፣ ከእናቱ እጅ ውኃ ይፈራል። አፉ የሚገባው ማር ብቻ ነው፤ እሱም ጣሰው ከጫካ ያወረደው ከሆነ። ጣሰውን ታስታውሰዋለህ፣ የአባባን ቀፎዎች ይሰቅል የነበረው። «ንብ የማንም ሰላይ አይደለችም» ይላል ሰብሃት። እኔ ግን የማን ሰላይ እንደሆንኩ እስካሁን አልነገረኝም።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትደንግጥ። ባለፈው ማክሰኞ ገጀራውን ከጓሮ አምጥቶ አልጋው ሥር አስገባው። ለምን አላልኩትም። እፈራዋለሁ ኃይልዬ። የወለድኩትን ልጅ እፈራዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እህትህ አስካለማርያም


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

እትዬ፣

ልምጣ ወይ ብዬ በሚሊዮን ስልክብሽ በዝምታ አለፍሽው። ገብቶኛል። ባለፈው ክረምት መጥቼ ሰብሃት በድንጋይ እስከ መናኸሪያ የሸኘኝን አልረሳሁም። የምሸጠው መድኃኒት ስለሆነ «የእነሱ ሰው» ነኝ። ከመጣሁ የሚብሰው ባንቺ ላይ ነው።

እዚህ መድኃኒት ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ስለ ገጀራው ሳስብ የሰው ማዘዣ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ለፖሊስ ልንገር ያልሽውንና መልሰሽ የሰረዝሽውን ከስርዙ ሥር አንብቤዋለሁ። አትንገሪ። ምርጫ ደርሷል፤ ልጁ ደግሞ ሲነሳበት የሚጮኸው ስለ ካድሬ ነው። በሽታ መሆኑን ማን ያጣራልሻል?

ክኒኑ ሰውነቱ ውስጥ መግባት አለበት። ማር ይበላል ካልሽ ማሩ ውስጥ አድርጊለት። በደንብ አድቅቂው፣ ዱቄት ይሁን። ለደንበኛ እንዲህ ብዬ መክሬ አላውቅም፤ ለእህቴ ግን መከርኩ። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን።

አንቺ እንዴት ነሽ? ደህና ነኝ እንዳትይኝ።

ወንድምሽ ኃይለመስቀል


ቦንጋ፣ ጥር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ኃይልዬ፣

በላ! ይህን ስጽፍ አለቀስኩና በዛወርቅ ደንበኞቿ ፊት አፈረችብኝ።

መጀመሪያ በነጩ ማር ሞከርኩት። አንዴ ላስ አደረገና «መረረኝ» ብሎ ሲኒውን ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ያን ቀን ሸሽቼ እስኪበርድለት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀመጥኩ። እዚያ ሆኜ ነው ዘዴው የመጣልኝ። ግራዋ ሲያብብ የሚሠራው ማር ጥቁርና መራራ አይደል? ጣሰውን «የግራዋውን አምጣልኝ» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ሰው ሁሉ ነጩን ሲለምነው እኔ መራራውን። ክኒኑን ኮረሪማ በምወቅጥባት ትንሽ ሙቀጫ አደቀቅኩና ለወስኩት። ሰብሃት ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። «የግራዋ ነው» ስለው ራሱን ነቀነቀ። መምህር አይደል፣ የትኛው አበባ የትኛውን ማር እንደሚሰጥ ያውቃል።

እንዴት ሊያምንሽ ቻለ የምትለኝን፣ በአባባ ዘዴ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ግን አንድ ነገር እየበላኝ ነው። በየቀኑ «ምን አለው?» ይለኛል። እኔም «አንተን ይንሳኝ፣ ምንም የለውም» እላለሁ። በልጄ ሕይወት በሐሰት እየማልኩ ነው። አንድ ነገር ቢሆንብኝ በመሐላዬ ነው የምለው። ሌሊትም ቀንም የምፈራው አሁን ገጀራውን ብቻ አይደለም።

ለውጡ ብዙ አይደለም። ከግድግዳው ጋር ማውራቱ ትንሽ ቀንሷል። ገጀራው እዚያው ነው።

አስካለ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 4 ቀን 1997 ዓ.ም.

እትዬ፣

እህቴ አላበደችም፣ አስተዋይ ሆናለች ብሏል በይልኝ ለበዛወርቅ። የግራዋ ማር! ይህን ሐኪምም አያስበውም።

ለውጡ ትንሽ ነው ማለትሽ ግን ገርሞኛል። አንዷ ክኒን ራሷ ከዚህ በላይ ልታረጋጋው ይገባ ነበር። ወይ ሲኒ ውስጥ ያስተርፋል፣ ወይ እኔ ያላወቅኩት ነገር አለ። ክኒን የምልክልሽበትን የሐኪሙን ማዘዣ መልሼ አየሁት፤ በወሩ ካልተሻለው ሁለት ይሁን ይላል። ሁለት አድርጊለት።

ስለ መሐላው፣ እግዚአብሔር የእናት ሆድ ያውቃል።

ሌላው፣ ጽሕፈትሽ ምን ሆነ? ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስትሠሪ የአውራጃው ሰው ሁሉ የጋብቻ ወረቀቱን ባንቺ እጅ ካልተጻፈልኝ ይል አልነበረም? ያሁኑ ደብዳቤሽ በጋሪ ላይ ሆነሽ የጻፍሽው ይመስላል። መነጽርሽን ቀይሪ፣ አርጅተሻል።

ኃይለመስቀል


ቦንጋ፣ መጋቢት 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ይህችን ገጽ ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

መነጽሬ ደህና ነው። እጄ ነው። ብዕሩ አይታዘዘኝም። ማንኪያም ከእጄ ይወድቃል። እግሬ ደግሞ አንድ ቦታ አልቀመጥ ይለኛል፤ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ እንደ ፈረስ መሬት እደበድባለሁ። ባለፈው እሁድ እድር ስብሰባ ላይ አንገቴ ወደ ግራ ዞሮ ቀረ። እሰይ፣ ከፊቴ የሚቀመጠውን ሰው አላይም ብዬ ቀለድኩ እንጂ ነፍሴ ወጥታ ነበር። ሴቶቹ በወይራ ዘይት አሽተው መለሱልኝ። ከፊሉ ስትሮክ ነው አለ፣ ከፊሉ የሰው ዓይን ነው አለ። ማንም ቤት ውስጥ ያለውን አያውቅም። እንቅልፍ ግን ያዳፋኛል፤ ሽሮ ሳማስል ሁለቴ አሳረርኩ።

ዕድሜ ነው። አትጨነቅ።

እሱ? ማሩን ይበላል። ሁለት አድርጌለታለሁ። ጩኸቱ ቀርቷል፤ ባለፈው የምርጫ መኪና በማይክ እየጮኸ ሲያልፍ እንኳ ጆሮውን ይዞ ዝም አለ። ግን ኃይልዬ፣ አዲስ ነገር አምጥቷል። እጄን ያየዋል። ምግብ ስሠራ፣ ስፌት ስይዝ፣ ዓይኑን ከጣቶቼ ላይ አያነሳም። ገጀራውን ከአልጋው ሥር አውጥቶ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ የወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። እኔ ውስጥ ነኝ፣ እሱ በሩ ላይ ነው፤ ሌላ መውጫ የለም። «ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት። «የሚመጣውን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን ሰጥቼው አላውቅም። ሽንኩርት እንኳ የምከትፈው ወደ በሩ ዞሬ ነው።

በዛወርቅ ዋጫ ከተማ ለቅሶ ሄዳለች፤ ወንድሟ ሞቶባት። አርባው እስኪወጣ ሱቁ ዝግ ነው። ራሴ እስክጽፍልህ ድረስ አትጻፍ።

አስካለማርያም


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 27 ቀን 1997 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታውን ተይው። አትጻፍ ብለሽኛል፤ መጻፍ ግዴታዬ ሆነ። ይህን በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን የሚወርድ የማምነው ሰው በእጅሽ እንዲሰጥ፣ ላንቺ ብቻ፣ ብዬ ልኬዋለሁ።

ማሩን አትቅመሺ!

ደብዳቤሽን ለሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ነው የበራልኝ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ እግር አላርፍ ማለት፣ አንገት መዞር፣ እንቅልፍ። ይህ ስትሮክም ዕድሜም አይደለም። ይህ ያ ክኒን የሚያመጣው ነው፤ መድኃኒት ቤቴ ውስጥ በየሳምንቱ አየዋለሁ። «የአባባ ዘዴ» ያልሽውም ያኔ ትዝ አለኝ። አባባ እንግዳ ፊት ጠጅ ሲቀዳ አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ አልነበር? አንቺም ከልጁ በፊት ትቀምሻለሽ። አንድ ጣት ማር ብቻ ቢሆን እንዲህ አያደርግሽም። ግማሹን አብረሽው ትበያለሽ ማለት ነው። ለዚህ ነው እሱ ያልተሻለው። እኔ ደግሞ ጅሉ፣ ጨምሪ አልኩሽ!

ዛሬውኑ አቁሚ። የተደቆሰውን ክኒን ድፊው። ሰብሃትን ምን ብለን እንደምንይዘው ሌላ መላ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ አንቺ።

ኃይለመስቀል


ቦንጋ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለመስቀል፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዎ የተጻፈው ለእናቴ ነው። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው እጇ ካልሆነ አልሰጥም አለኝ፤ እጇ ታሟል፣ እኔ ልጇ ነኝ አልኩት።

አራት ጊዜ አነበብኩት። ማሩ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር። ለሁሉም ሰው ተናግሬአለሁ። እብድ ነው አላችሁኝ።

እናቴ መንቀጥቀጥ ከጀመረች ጀምሮ ማን እንደሚያደርግባት ስፈልግ ነበር። አሁን ስሙንና አድራሻውን አገኘሁ።

ሰብሃት


ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1997 ዓ.ም.

እትዬ፣ እትዬ፣

ይህን ማን እንደሚያነበው አላውቅም። አንቺ ከሆንሽ በአንድ ቃል መልሺልኝ። ከለቅሶ የተመለስሽው በዛወርቅ ከሆንሽ፣ እባክሽ ሂጂና ደጃፉን እዪልኝ። ብቻሽን ግን እንዳትሄጂ።

የሰብሃት ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። አምስት መስመር ነው፤ እጄ ላይ ከበደኝ። በገዛ እጄ ጽፌ፣ በገዛ እጄ ላክሁብሽ። ቤት እንዳትልክ ስንቴ ነገርሽኝ?

ለድሮው ጎረቤታችን ለመምህር ቀጸላ ደወልኩ። ሄዶ አይቶ፣ «ቤቱ ተቆልፏል፣ ከውስጥ ድምፅ የለም፤ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ገጀራ ወድቋል» አለኝ። ደም አለው ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ስልኩን ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ፈሪ ነኝ።

እስከ ሆሳዕና ማግስት ቃልሽን ካልሰማሁ ማክሰኞ እነሳለሁ። የሚያደርገኝን ያድርገኝ።

ኃይለመስቀል


ቦንጋ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና

ኃይልዬ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ቦርሳህን ፍታ። ሁለታችንም በሕይወት አለን። ይህን ፊተኛ ያደረግኩት የቀረውን ተረጋግተህ እንድታነብ ነው። ሚሊዮን ነገ ማለዳ ይዞት ይወጣል፤ ከደብረ ብርሃን ሳትነሳ አደርሳለሁ ብሎ ምሎልኛል።

ሰውህ ሲመጣ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ ሰብሃት የተለመደው ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ ገጀራው ጭኑ ላይ፣ ወረቀትህ እጁ ላይ፣ የማሩ ሲኒ ከፊቱ። «እማዬ፣ ቅመሺ» አለኝ። ልዋሽ ነበር፤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ያው መሐላ። አልወጣ አለኝ። «ክኒን አለው። ሁለት። ከጥር ጀምሮ ነው። በስምህ በሐሰት ማልኩብህ» አልኩት።

«አንቺም በላሽው?»

«ካልቀመስኩ አትበላማ!»

ገጀራውን ይዞ ተነሳ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ወንድሜ፣ ስለዚያች ደቂቃ አልነግርህም። ስገልጥ ገጀራው መሬት ላይ ነው፣ እሱ የለም።

ቤቱ የተቆለፈው ልፈልገው ስለወጣሁ ነው። ሦስት ቀን ዞርኩ፤ ማታ ማታ የጣሰው ሚስት ዘንድ አደርኩ። በአራተኛው ቀን ጣሰው ራሱ ቀፎዎቹ ዘንድ ጫካ ውስጥ አገኘው። ልሂድ ስል ከለከለኝ። «ተይው፤ ይሠራል፣ ይተኛል። ንብ ያለበት ቦታ አይጮኽም» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለቴን እንጃ፣ እዚያው ቤታቸው ደጅ ተቀምጬ ጫካውን ሳይ ሰነበትኩ። በነዚያ ቀናት እጄ ወደ ልኩ እየተመለሰ መጣ፤ ይኸው ጽሕፈቴን እየው። እኔ እየዳንኩ እሱ ያለ መድኃኒት መዋሉን እያሰብኩ ስሸበር ሰነበትኩ።

ትናንት ከቀትር በኋላ ወደ ቤት ተመለሰ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ማር ይዟል፣ ከገተም ዛፍ አበባ የሚሠራው ማር፣ ነጭ። ከስቷል። ፊቱ በንብ ተነድፎ አብጧል። ቁጭ አለና «ጠርሙሱን አምጪው» አለኝ። አመጣሁ። የተለጠፈበትን ወረቀት ራሱ አነበበ። «ለእኔ ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ላንቺስ?»

«ለእኔ ምንም።»

ሁለቱን መዳፉ ላይ አደረገ። ረጅም ጊዜ አያቸው። ዋጣቸው፤ ከዚያ ሳልጠይቀው ምላሱን አንስቶ አሳየኝ። «የእኔ ነው። ሁለተኛ እንዳትነኪው» አለኝ።

ያኔ ድፍረት አገኘሁና ስለ ገጀራው ጠየቅኩት። «እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሚመርዝሽን ልይዘው ነበር። ስንት ቀን ጠበቅኩ፤ ወጥ ቤት የምትገቢው አንቺ ብቻ ነሽ። ግራ ገባኝ» አለ። እኔ ከእሱ ጀርባዬን ሳልሰጥ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ለካ እሱ እኔን ሲጠብቅ ኖሯል። አልቅሼ አልወጣልኝም።

ከዚያ ቅጠሉን ፈታው። ከማሩ ቆርሶ መዳፉ ላይ አደረገና እንደ አባባ በፊቴ ቀመሰ። ከዚያ ለእኔ ዘረጋልኝ። «አንቺን ይንሳኝ፣ ምንም የለውም» አለኝ።

ኃይልዬ፣ ፈራሁ። ከቃሉ በቃል የእኔው መሐላ ነው። ጫካ ውስጥ ምን እንዳነሳ፣ ምን ቅጠል እንደጨመረበት ማን ያውቃል አልኩ። እጄ አልሄደም። ከልጄ እጅ ማር ፈራሁ። ለካ እንዲህ ነው! ይህ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሦስቴ፣ ከፊቱ ቁጭ ብዬ ብላ እያልኩ ስጮኽበት፣ በዚህ ውስጥ ነው የኖረው።

አየኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። እጁን እንደዘረጋ ቆየና «እንዲህ ነው፣ እማዬ» አለኝ።

በላሁት። ጣፋጭ ነበር።

ዳነ እንዳልልህ። ዛሬ ጠዋት ዘንባባ ይዤ ስገባ ሬዲዮኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎት አገኘሁ። ነገ ምን እንደሚያመጣ አላውቅም፤ አሁንም እግሩን ስሰማ ወደ በሩ እዞራለሁ። ከዚያች ደብዳቤው ሌላ ላንተ እንዲጽፍ ጠይቄው ነበር፤ «ገና ነው» ብሎኛል። አትቀየመው።

ክኒኑ የሚበቃው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። ስትልክ በበዛወርቅ አታድርገው። ቤት ላከው፣ በራሱ ስም።

እህትህ አስካለማርያም